የማርጊት ተርብ

ኤመሪ ስትሮም ስለ ጥይት ሲከራከር ተሸንፎ አያውቅም፤ አሸንፎም አያውቅም። ክርክሩ ከሚስቱ እህት ከቨርና ጋር ነበርና መቼም አያልቅም። እሱ የስዊፍት ሰው ነው። ስዊፍት ፈጣን ማለት ነው፤ ከአባቱ የወረሰው ረጅም ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት ስም ይኸው ነው፣ ጥይቱም ስሙን የሚያሳፍር አይደለም። ቨርና ደግሞ በየሱቁ እንደ ምስማር የምትሸጠውን፣ ሁለት-ሁለት-ሦስት የምትባለውን ጥይት ትወዳለች። እሱ የእሷን “ዝንብ ማባረሪያ” ይላታል። እሷ የእሱን “ለፍላፊው” ትለዋለች፤ ከጥይቱ ቀድሞ ወሬው ይደርሳል ለማለት ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን ሁለቱም አሳምረው ያውቃሉ፤ ግን ስድብ ከመቼ ወዲህ ነው እውነት መሆን ያለበት?

ከካናዳ ድንበር በታች ባለው በዚያ የሞንታና ሜዳ፣ በረዶው ከአጥር ጥግ ሳይለቅ ጎፈሮች ከመሬት ይወጣሉ። ጎፈር እንደ ፍልፈል የምትምስ፣ እንደ ዘበኛ በጉድጓዷ አፍ ላይ ቀጥ ብላ የምትቆም፣ ከጡጫ ብዙም የማትበልጥ ፍጥረት ናት። እሷን ላየ ታስቃለች፤ የሚያስለቅሰው ጉድጓዷ ነው። ባለፈው ዓመት የኤመሪ ቀይ ፈረስ በሩጫ ላይ እንዳለ የፊት እግሩ ከአንዱ ጉድጓድ ገብቶ ቀረ። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ እስከ በረቱ ተሰማ። ኤመሪ ራሱ ገላገለው፤ ያን ዕለት እህል በአፉ አልዞረም።

ስለዚህ በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ቨርና ጎፈር በመተኮስ ልትወዳደረው ፒክአፗን እየነዳች ወደ ኤመሪ የሣር መስክ ትመጣለች። የተሸነፈ የአሸናፊውን የጥጆች ቤት ይጠርጋል። አንዱ ሲተኩስ ሌላው በትልቁ መነጽር አይቶ ይናገራል፦ ከመታ “ፀጉር”፣ ከሳተ “አቧራ”። ከሁለቱ ሌላ ቃል የለም። ተኳሽ አይናገርም፤ ተመልካች ያለው ይጸናል። ሕጉ እንዲያው ለቀልድ የወጣ አይደለም። ስዊፍት ሲተኮስ ይራገጣል፤ ጠመንጃው ወደ ላይ ይዘልና ተኳሹ በጠመንጃው መነጽር የሚያየው ሰማይ ብቻ ይሆናል። ኤመሪ ዕድሜውን ሙሉ ሲተኩስ የራሱን ምት በዐይኑ አይቶ አያውቅም። አይታ የምትነግረው ሚስቱ ማርጊት ነበረች። “ፀጉር” ስትል ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ምስጢር እንደምታካፍለው ሰው ነበር። ማርጊት ካረፈች ወዲህ ቦታውን ቨርና ወሰደች፤ ቨርና ምስጢር የሚባል ነገር አታውቅም፣ ትጮኻለች።

ባለፈው መከር ኤመሪ እህል ጭኖ ሲነዳ በቀኝ ዐይኑ ፊት ግራጫ ነገር ብን ሲል አየ። የመኪናው መስተዋት ቆሽሿል ብሎ ጠረገው። በማግስቱም ጠረገው። በሦስተኛው ቀን ከዐይኑ ግማሽ ላይ መጋረጃ ወረደ፤ የዐይኑ የውስጥ ሽፋን ከቦታው ተላቆ ነበርና ቢሊንግስ ወስደው በቀዶ ጥገና መለሱለት። ሐኪሙ ሁለት ነገር አስጠነቀቀው። የሚራገጥ ጠመንጃ ከእንግዲህ በቃ፤ እንደ ጓደኛ ትከሻ ነካ ከሚያደርግ በላይ ምንም አይነት ጠመንጃ አይተኮስም። ደግሞም ግራጫ ነገር እንደገና ከታየ በዚያው ቀን መናገር ነው።

ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ልጁ ሲግሪድ ጨመረች። ሐኪም ቤት አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ እጁን ይዛ፣ “ግራጫው ከተመለሰ፣ አባዬ፣ ከብቶቹን ሸጠህ እኔ ጋ ትገባለህ። እዚያ ሜዳ ላይ ብቻህን ስትታወር ቁጭ ብዬ አላይም” አለችው። ኤመሪ ቃሉን ሰጠ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያገገመው በእሷ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ አልጋው ምቹ ነው፣ ልጅቷም አንጀት ታርሳለች። ነገር ግን መስኮቱ የሚያሳየው የጎማ መሸጫን ግድግዳ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰማይና መሬት ሲገጥሙ እያየ ያደገ ሰው በየማለዳው በዚያ ግድግዳ ላይ የተቆለለ ጎማ ሲያይ ሰነበተ፤ ቃሉን የሰጠው ግን ከልቡ ነበር።

ክረምቱን ሙሉ የሚተኩሰው ምን እንደሚሆን ሲያውጠነጥን ከረመ። ቨርና የእሷን ዓይነት እንዲገዛ መከረችው፤ ርግጫው ትንሽ ነው፣ ጥይቱ እንደ ልብ ይገኛል አለች። ኤመሪ ደግሞ ሰው አርባ ዓመት የሰደበውን በእርጅናው አይጎርስም አላት። የከተማው ጠመንጃ ሻጭ በስዊፍትና በቨርና ጥይት መካከል የሆነ፣ ገና የወጣ ቀጭን ጥይት አሳየው። ያንን ደግሞ ስም የሌለው ነገር አልወድም ብሎ መለሰው። እውነቱን ለመናገር ስዊፍትን ከግድግዳው ማውረድ አቅቶት ነበር። የአባቱ እጅ ያሻሸው እንጨት ነው።

መጨረሻ ላይ የራሱን መላ መታ። በዚያ አገር ብልህ ሰው ጥይቱን በክረምት እቤቱ ይሞላል፤ ባዶ ቀለህ ወስዶ ባሩድ ይጨምርና ጫፉ ላይ እርሳሱን ይገጥማል። ርግጫ የሚመጣው ከእርሳሱ ክብደት ነው፤ እርሳሱ ከቀለለ ስዊፍት ይገራል ሲል አሰበ። አስተሳሰቡ እስከዚህ ድረስ ነቀፋ የለበትም። መሳቢያ ሲፈትሽ ማርጊት የተወችው አንድ ሣጥን እርሳስ አገኘ፤ ስስ፣ ቀላል፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል። ማርጊት ትተኩስ የነበረው ሆርኔት የሚባል፣ ተርብ ማለት ነው፣ ትንሽ አሮጌ ጥይት ነበር። ኤመሪ በዚያ ጠመንጃዋ ያላሾፈበት ቀን የለም። አሁን ግን እርሳሶቿን በመዳፉ ላይ ሲያፈስ ደስ አለው፤ ከላይ ሆና የላከችለት መሰለው። እርሳሱን ቀነሰ እንጂ ባሩዱን አልቀነሰም። ስዊፍትን ቀስ በል ማለት ለእሱ ስድብ ነበር።

ከቅዳሜው አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ሊሞክረው ብቻውን ወጣ። ከመስኩ ዳር፣ ከአሮጌ የባቡር ሐዲድ እንጨት ከተሠራው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ፣ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደገፈ፣ አንዷን ጎፈር አነጣጠረና ቃታውን ሳበ። ርግጫው እንዳሰበው ቀሎ ነበር። ጠመንጃው አልዘለለም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎፈሯን ሳትጠፋበት እያያት ቀረ። ያየው ግን እሷን ብቻ አልነበረም። በእሱና በእሷ መካከል፣ አየሩ ላይ፣ ግራጫ ነገር ብን ብሎ ጠፋ። ጎፈሯ እንደቆመች ናት። ደግሞ ተኮሰ። ግራጫው ደግሞ ብን አለ።

ኤመሪ ጠመንጃውን አስቀመጠ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላሉ፤ እሱ ደግሞ እባቡን ያየው ገና ስድስት ወሩ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ሰማይ ቀና ብሎ፣ ወደ በረቱ ነጭ ግድግዳ ዞር ብሎ፣ ግራጫው እዚያም ይኖር እንደሆነ ይፈትሽ ነበር። ፍርሃት ግን ሰውን ማየት ወደማይፈልገው ቦታ አያስመለክተውም። ወደ ቤቱ ገባና መጋረጃውን ሁሉ ዘጋ።

በማግስቱ ወጥቶ ሞከረ፤ ግራጫው መጣ። ከዚያ ወዲያ ደፍሮ አልሞከረም። ቀኑን ሙሉ ሥራውን ይሠራል፤ ጥጆቹን ያበላል፣ አጥር ይጠግናል፤ ሆኖም ሁሉን ነገር የሚያየው እንደሚሰናበት ሰው ነበር። የነፋስ ወፍጮዋን አያት። ማርጊት በቤቱ በስተሰሜን ለነፋስ መከላከያ የተከለቻቸውን ቁጥቋጦዎች አንድ በአንድ ነካቸው። ሐሙስ ዕለት ሲግሪድ ደወለችና ዐይኑን ጠየቀችው። ደህና ነው አላት። ስልኩን ከዘጋ በኋላ ፊቱ ነደደ፤ ያቺን ልጅ ዋሽቷት አያውቅም ነበር። ከቨርና ጋር ያለችው ቅዳሜ ትለፍ ብቻ፣ እሑድ ደውዬ እናገራለሁ፣ ከብቶቹንም ገዢ እፈልጋለሁ ብሎ ቆረጠ።

ቅዳሜ ቨርና መጣች። ቨርና አጭር ናት፤ ጉንጯ በሱፍ ፍሬ እንደተወጠረ ነው፤ ልጇ ይሁን ውሻዋ፣ ጎረቤት ይሁን ቄስ፣ ለሁሉም የምታወጣው ድምፅ አንድ ነው። የዱር ፍሬ ተሞልቶ የተጋገረ ፓይና የእንቁላል ሳንድዊች ይዛለች። ኤመሪ ሆዱን እንዳመመውና ዛሬ እንደማይተኩስ፣ መመልከት ብቻ እንደሚፈልግ ነገራት።

“ሆድህን?” አለችው። “አንተ እኮ ምስማር ብትበላ የሚፈጭ ሆድ ነው ያለህ። ጥጆች ቤቴን መጥረግ ፈርተህ ነው እንጂ።”

እንዳልሆነ ነገራት። አላመነችውም፤ ግን አልተጫነችውም። እሷ ቀድማ ተኮሰች፣ እሱ በትልቁ መነጽር ተመለከተ። ፀጉር አለ፣ ፀጉር አለ፣ አቧራ አለ። በአራተኛው ላይ ቨርና ዞር ስትል ምን እንደሚያደርግ አየች። ኤመሪ መነጽሩን የሚያየው በግራ ዐይኑ ነበር፤ ቀኙን በመዳፉ ሸፍኖታል። ቨርና በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ያየችውን ሳትናገር ቀረች። ጠመንጃዋን አነሳችና ቦታውን ለቀቀችለት።

“አንድ ተኩስ” አለችው። “አንድ ብቻ። ከዚያ ፓያችንን እንበላለን።”

ኤመሪ እምቢ ሊል ነበር። ግን የመጨረሻዋ ከሆነች በዚህ መስክ ላይ፣ በአባቱ ጠመንጃ፣ የማርጊት እህት አጠገቡ ሆና ትሁን ብሎ ተቀመጠ። አነጣጠረ። ትንፋሹን ያዘ። ሳበ።

ግራጫው ብን አለ። ዐይኑን ጨፈነና “አቧራ” እስክትል ጠበቀ።

ነፋሱ ሣሩን ሲያበጥረው ይሰማል። ከዚያ ቨርና፣ “ጭስ” አለች።

እንዲህ ያለ ቃል በሕጋቸው የለም። ኤመሪ ፊቱን ሳያዞር፣ “ምን አልሽ?” አላት።

“ጭስ ነዋ። ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄድ አየር ላይ ቡን አለ። ግራጫ ጭስ።”

“አንቺም አየሽው?”

“ዐይን አለኝ እኮ፣ ኤመሪ። ምን ነካህ?”

ኤመሪ ግንባሩን በጠመንጃው እንጨት ላይ ደፋ። ቨርና ያመመው መስሏት መነጽሩን ገፍታ አጠገቡ ተንበረከከች። የሳምንቱን ጉድ በቁርጥራጭ ነገራት፤ ግራጫውን፣ ለሲግሪድ የሰጣትን ቃል፣ የጎማ መሸጫውን ግድግዳ፣ ሐሙስ የዋሸውን ውሸት። ቨርና እስኪጨርስ አላቋረጠችውም። ከዚያ አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ በረቱ ነጭ ግድግዳ አዞረችና ግራ ዐይኑን በእጇ ሸፈነችው።

“ግድግዳው ላይ ግራጫ አለ?”

“የለም።”

“ሰማዩስ ላይ?”

ኤመሪ ቀና አለ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነበር። “የለም” አለ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ቨርና ከጠረጴዛው ላይ አንድ ጥይት አንስታ የእርሳሱን ጫፍ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈገፈገችው። ቅርፊቱ ስስ ነው። ይህን ከየት እንዳመጣው ጠየቀችው። ከማርጊት መሳቢያ ነው አላት። ቨርና ሳቋ መጣ፤ የሱፍ ፍሬው እስኪበተን ሳቀች።

“የተርብ እርሳስ በስዊፍት?” አለች ትንፋሽ ሲሰጣት። “ይሄ እኮ ቀስ ለሚል ጥይት የተሠራ ነው፣ ስስ የሆነው ለዚያ ነው። አንተ በዚያ ፍጥነት ስታሽከረክረው አየር ላይ ይበታተንልሃል፤ ያየኸው ጭስ የእርሳሱ ዱቄት ነው። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይላሉ፣ የአንተ ደግሞ የሚለቀምም የለው።”

ኤመሪም ሳቀ፤ እያለቀሰ ሳቀ። አርባ ዓመት ፍጥነት ፍጥነት ሲል ኖሮ፣ ፍጥነቱ ጥይቱን አየር ላይ ፈጭቶበት ቤቱን ሊያሸጠው ነበር። ወዲያው ግን ቨርና ሳቋን ቆረጠችና ባርኔጣውን ከራሱ ላይ ነጥቃ ደረቱን በእሱ መታችው።

“ዐይንህ ቢሆንስ ኖሮ? ሳምንት ሙሉ! በዚያው ቀን ተናገር ተብለህ? እህቴ ስትሞት ስለ አንተ ምን ብላ አደራ እንዳለችኝ ታውቃለህ? ሂድ፣ አሁን፣ ለልጅህ ደውል።”

በመስኩ በኩል ስልክ የሚሠራው ከኮረብታው ላይ ብቻ ነው። ኤመሪ ወጥቶ ደወለና ሁሉንም፣ ውሸቱንም ጭምር፣ ነገራት። ሲግሪድ ተቆጣች፤ ቁጣዋ የእናቷ ነበር፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። ጭስ ሆነም አልሆነም ሰኞ ሐኪሙ ዘንድ እንደሚቀርብ ነገረችው፤ እሱም እቀርባለሁ አለ። ስልኩን ልትዘጋ ስትል ድምጿ ለሰለሰ።

“ሐኪሙ ደህና ነው ካለህ፣ አባዬ፣ ያንን የኋላ ክፍል የልብስ ስፌት ክፍሌ አደርገዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ብትለምነኝም አላስገባህም።”

ከኮረብታው ሲወርድ ቨርና ጠረጴዛውን አስተካክላ ነበር። ስዊፍትን ገለባብጣ ባዶ መሆኑን አረጋግጣ ወደ ጎን አስተኝታዋለች። አጠገቡ የራሷን ዝንብ ማባረሪያ አኑራለች። ለሦስተኛ ጠመንጃ በተወችው ቦታ ላይ ግን ምንም አልነበረም።

“የእኔን ልስጥህ” አለችው፣ “ወይም ሄደህ የእሷን አምጣ።”

የማርጊት ጠመንጃ ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከክረምት ካፖርቶቿ ኋላ ቆሞ ነበር። እሷ ካረፈች ጀምሮ ኤመሪ ያንን ቁም ሣጥን የከፈተው አንዴ ብቻ ነው፤ ያኔም ሽታው ሲመጣበት ፈጥኖ ዘግቶታል። ዛሬ ካፖርቶቹን በክንዱ ገፋ አደረጋቸውና ሽታውን ሳይሸሽ እጁን ሰደደ። ትንሽ ጠመንጃ ናት፣ ቀጭን። ከማኅደሯ ኪስ ውስጥ ማርጊት ራሷ የሞላቻቸው ጥቂት ጥይቶች ተገኙ፤ እነዚያው ስስ እርሳሶች፣ በተሠሩለት ቀለህ ላይ፣ በልካቸው ባሩድ።

ጠረጴዛው ጋ ሲመለስ ሩቅ ያሉት ጎፈሮች ለዚህች ጠመንጃ እንደማይሆኑ አሰበ፤ ተርብ ሩቅ አትሄድም። ከዚህ ቀደም የሚያሾፍባት በዚሁ ነበር። ቨርና የሐሳቡን መንገድ ያወቀችው ትመስላለች፣ “ሩቁን ተወው” አለችው። “ቅርቡም ጎፈር ነው። ፈረስህን የገደለውስ ጉድጓድ የት ነበር?”

ከአጥሩ ሥር ነበር፤ ቅርብ። በዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ አንዷ ቀጥ ብላ ቆማለች። ኤመሪ ተቀመጠ። ቀኝ ዐይኑን ከመነጽሩ አገናኘ። ቨርና በትልቁ መነጽር ላይ አጎነበሰች፣ ለጩኸት ተዘጋጅታ።

ሳበ። ጠመንጃዋ ትከሻውን ነካ አደረገችው እንጂ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ሰማይ አልመጣም። ሣሩ እንዳለ ነው፣ የጉድጓዱ አፍ እንዳለ ነው፤ ጎፈሯ ስትወድቅ፣ ፀጉሯም በነፋሱ ሲበተን፣ ሁሉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቀኝ ዐይኑ አየ። ማርጊት ያን ሁሉ ዓመት ታይለት የነበረው ይህንን ነበር።

“ፀጉር” አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር ያለው።

ቨርና ከመነጽሩ ላይ ራሷን አላነሳችም። “ተኳሽ አይናገርም” አለችው፤ ድምጿ ግን እንደ ወትሮው አልጮኸም።

“አየሁት፣ ቨርና” አላት። “እኔው ራሴ አየሁት።”